የመሪው ስድስት በተኖች

ሰኞ፣ የካቲት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.፤ ደብረ ማርቆስ

አዲሱ የመኪና ቴፕ ዛሬ ተገጠመ። መሪው ላይ ካሉት ስድስት በተኖች አንዱም አይሠራም።

በግራ በኩል ሦስት ናቸው፤ ድምፅ መጨመሪያ፣ ድምፅ መቀነሻና ስልክ ማንሻ። በቀኝም ሦስት፤ ወደፊት ማሳለፊያ፣ ወደኋላ መመለሻና ማቆሚያ። ከአሮጌው ቴፕ ጋር ከስልክ ማንሻው በቀር ሁሉም ይሠሩ ነበር። የገጠመልኝ አንሙት የሚባል ስልክ ጠጋኝ ነው። ስነግረው በስክሪኑ ላይ ጣቱን ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተ፣ «ጋሼ፣ ይኼን የሚያህል ስክሪን ተዘርግቶልዎ በተን ምን ይሠራልዎታል?» አለኝ።

ሳላስረዳው ወጣሁ። እዚህ ላስረዳ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጋዜጣ ስሠራ የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ምክንያቱ በዕለቱ ካልተጻፈ በማግሥቱ ሌላ ምክንያት እንደሚሆን ነው።

ከመስከረም ጀምሮ በየሐሙሱ ከደምበጫ ወዲያ ወዳለች የገጠር ደብር እነዳለሁ። እዚያ የኔታ ገዳሙ ቅኔ ያስተምራሉ። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት አለፈው። ከማን እንደተማሩ፣ ከየትኛው ጉባኤ ወደየትኛው በእግራቸው እንደተጓዙ ይነግሩኛል፤ እኔ በስልኬ እቀዳለሁ። መጽሐፍ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ወለተ ኢየሱስ ልትጦራቸው ወደ መርጡለ ማርያም ትወስዳቸዋለች፤ ከዚያ በፊት ካላለቀ አያልቅም። ስመለስ የቀዳሁትን መንገድ ላይ እያዳመጥሁ፣ ያልገባኝ ቦታ ላይ ወደኋላ እየመለስሁ፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ጥያቄ አዘጋጃለሁ። አሮጌው ቴፕ ከስልክ ጋር አይገናኝም ነበር፤ አዲሱን የገዛሁት ለዚህ ነው።

በተኖቹ የሚያስፈልጉኝ ግን በግዝት ምክንያት ነው። ጥር 19 ስመለስ፣ አማኑኤል ከተማ ሳልደርስ፣ መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ የቀኝ ጎማው ቦይ ገባ። ስልክ ላነሣ ስል ነው። ማንም አልተጎዳም። ባለቤቴ ሥራነሽ ለየኔታ ደውላ ነገረቻቸው፤ የንስሐ አባታችንም ናቸው። በሳምንቱ ስሄድ ጸበል አስይዘው መኪናው ድረስ መጡ። በበሩ ጎንበስ ብለው ወንበሩንም መሪውንም ረጩ፤ መሪውን እንዲያውም ደጋገሙት። ከዚያ፣ «መኪናው እየሄደ እጅህ ከመሪው እንዳይነሣ ገዝቼሃለሁ» አሉኝ።

«ማርሽ በምን ልቀይር፣ የኔታ?»

«ማርሹ በቀኝ አይደለም? ቀኙን ፈትቼልሃለሁ።»

ስቀን ተለያየን። እንግዲህ ስልክ የማነሣውም ድምፅ የምጨምረውም መሪውን ሳልለቅ በአውራ ጣቴ ነው ማለት ነው። ይኼ ካልሆነ ሥራነሽ የመኪናውን ቁልፍ እንደምትወስድ ነግራኛለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 16

የቴፑን መመሪያ አነበብሁ። አርባ ገጽ ነው። ስለ መሪ በተን ያለው ሦስት መስመር ብቻ፤ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኝ፣ ከዚያ ቴፑን አስተምር ይላል። ቴፕ ምን ይማራል?

የሻይ ብርጭቆ ሰበርሁ። በዚህ ሳምንት ሁለተኛው ነው። ሥራነሽ ጠረገችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 18

ከመናኸሪያው ጀርባ የብርጓል የምትባል የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ጎኗ ያለው ጎሚስታው አስማማው፣ ጎማ ሲጠግን እጁ ሥራ ቢይዝም አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

ቴፑን ከቦታው ስባ አወጣችው። ከጀርባው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለው ተንጠልጥለዋል።

«አንሙት ነው የገጠመው?» አለችኝ።

«በምን ዐወቅሽ?»

«ያልገባውን ጠቅልሎ ይተወዋል።»

«ፕላስተር ግን አይሰስትም!» አለ አስማማው ከጎማው ላይ ቀና ሳይል።

ሽቦዎቹን ካገናኘች በኋላ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሲያባንነኝ የቆየውን ጠየቅኋት። በተኑ ስድስት፣ ሽቦው ሁለት፤ ቴፑ የቱ እንደተጫነ እንዴት ይለያል?

«እያንዳንዱ በተን የራሱ ቁጥር አለው ጋሼ። ሲጫኑት ኤሌክትሪኩን በተለያየ መጠን ይይዘዋል። ቴፑ ስም አያውቅም፤ መጠኑን ሰምቶ፣ ይኼ እገሌ ነው ይላል።»

የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሯን ሽቦዎቹ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የቀኝ በተኖች በተጫንኋቸው ቁጥር ያንኑ ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንዱ ዜሮ፣ አንዱ ሦስት መቶ፣ አንዱ ሺህ ኦም ገደማ። ደጋግሜ ተጫንኋቸው። አንድ ሰው ስሙን በተጠየቀ ቁጥር ሳይሰለች እንደሚናገር ናቸው። ቁጥሩን ማን ወሰነው? በተኑ ሲያረጅ ይለወጣል? ሁለት በተን አንድ ላይ ብንጫንስ?

«ጋሼ፣ ፈተና ሊቀመጡ ነው እንዴ የመጡት?»

ማስተማሩ ቀላል ነው። አንዱን በተን ተጭኖ መያዝ፣ ስክሪኑ ላይ ሥራውን መምረጥ፣ ጢጥ ሲል መልቀቅ። ቀኞቹ ሦስቱም ወዲያው ተማሩ። ግራዎቹ እንቢ አሉ። ድምፅ ጨምር ስለው ስልክ ያነሣል። ቴስተሩ ላይ ያው በተን አንድ ጊዜ ሦስት መቶ ሃያ፣ አንድ ጊዜ አራት መቶ ስድሳ ይላል።

«ይኼ ስሙን እየቀያየረ ነው» አለች። «ሰኞ መሪውን እከፍተዋለሁ።»

ማስታወሻ ሁልጊዜ የምይዘው ቆሜ ነበር፤ ደብተሩን በግራ መዳፌ ላይ ዘርግቼ። ዛሬ የመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፌ ጻፍሁ። ኮፈኑ ይመቻል።

ሰኞ፣ የካቲት 21፤ የሁዳዴ መግቢያ

ባትሪውን ነቀለች። ከዚያ ሩብ ሰዓት ጠበቅን፤ መሪው ውስጥ ያለው ኤርባግ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ አይነካም። መሪው ሲከፈት የግራው በተን ጀርባ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ አየሁ፤ የጀበና ውስጥ እንደሚይዘው ዓይነት።

የብርጓል አየችው፤ አየችኝ። ቀና ብላ በስፖኪዮው መስታወት ላይ የተሰቀለውን መቁጠሪያም አየች።

«ውኃ ገብቶበታል» አለች። «የምን ውኃ እንደሆነ እኔ አልልም።»

ነገርኋት። አስማማው ከእኔ አፍ ነጥቆ፣ «ጸበል ሰይጣን ሲያስወጣ ዐውቃለሁ፤ ድምፅ መጨመሪያ ሲያስለቅቅ ግን ዛሬ አየሁ!» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን አማተበች።

ምንጩ የኖራ ድንጋይ ያለበት አገር ውኃው ሲደርቅ ነጭ ይተዋል። ያ ነጭ ነገር ነው ኤሌክትሪኩን በየት በየት ሲያሾልክ የነበረው። በጥጥና በስፒሪት እየጠረገች አጸዳችው። ሦስት ጥጥ ሞላ። ጥጡን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ትጥለዋለች ብዬ ስጠብቅ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ጸበል የነካው የትም አይጣልም። ሲሄዱ ለቤተ ክርስቲያን ያድርሱት።»

ገጠመችው፤ አስተማረችው። ስድስቱም ሠሩ። እያንዳንዱን ሃያ ሃያ ጊዜ ተጫነች፤ ቆጠርሁላት። መቶ ሃያ ከመቶ ሃያ።

ሐሙስ፣ የካቲት 24

በጥድፊያ። ስሄድ፦ ድምፅ መጨመሪያ አሥር ጊዜ፤ ሰባት ሠራ። ስመለስ፦ አሥር ጊዜ፤ ስድስት። ቀኞቹ ሁሉም። ጥጡ ቤት ተረስቶ ቀረ። የኔታ ስለተማሩበት ስለ ዲማ ጉባኤ ቤት ሳይጀምሩ ደከማቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 25

የብርጓል ዘንድ ተመለስሁ። እሷ ተቀመጠች፤ አሥር ከአሥር። እኔ ተቀመጥሁ፤ ሰባት።

«መሪው ሲዞር አብሮ የሚጠቀለል ሪባን ሽቦ አለ» አለች። «እሱ ተቆርጦ እንዳይሆን።» አስማማው መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ እሷ በየመሐሉ ተጫነች። አሥር ከአሥር። መኪናው መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሆናል አልሁ። ሞተሩን አስነሥታ ነዳጅ እየረገጠች ተጫነች። አሥር ከአሥር። ዘዴዋን ወደድሁት፤ አንድ ነገር ትለውጣለች፣ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ትተዋለች።

እንደገና እኔ። ስድስት።

ትንሽ አሰበች። «እስቲ ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎን አሻግረው የግራውን በተን ይጫኑት።»

አሥር ከአሥር።

አስማማው ግራ እጄን አየ። የብርጓል ቴስተሯን ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ከተተች። «እንግዲህ የእኔ ሥራ አልቋል» አለች፤ ፊቴን ሳታይ።

በሩን ስዘጋ ከኋላዬ ሰማኋቸው።

«ንገሪያቸው እንጂ።»

«አባቴ ናቸው እንዴ? ምን ብዬ?»

በተኑ ከጸዳ ወዲህ ትንሽ ጠንክሯል። ቀኝ እጅ ደግሞ ምንጊዜም ይበረታል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 1

ጥጡን ለየኔታ አስረከብሁ። ታሪኩን ስነግራቸው ጎጆዋ እስክትናወጥ ሳቁ። «እንዲያ ካጠመቅሁትማ ቴፑም ይጹም!» አሉ።

ስለ ዲማ ዘመናቸው እንዲጀምሩልኝ ስልኩን ደቅኜ ስጠብቅ፣ «ቁም እስቲ» አሉኝ። «በሩ ድረስ ሂድና ተመለስ።»

ሄጄ ተመለስሁ።

«ግራ እግርህ ዘግይቶ ነው የሚያርፍ። ሲነሣም መሬቱን ይጠርጋል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ የኔታ?» ድምፄ ቃለ መጠይቅ የማደርግ ይመስል ነበር፤ ቀረጻው ላይ ሰማሁት።

«ከጥምቀት ትንሽ ቀደም ብሎ። ስልሳ ተማሪ በኮቴው እለያለሁ። አንተን አጣሃለሁ?»

ጥምቀት ጥር 11 ነው። ቦይ የገባሁት ጥር 19። ይህን አስቤ፣ «ታዲያ የገዘቱኝ በስልኩ ምክንያት አልነበረም?» አልኋቸው።

«ስልክ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል? ትጽፍ የለም፤ ደብተርህን እይ።»

ጥር 26 የጻፍሁትን ገልጬ አነበብሁ። እጅህ ከመሪው እንዳይነሣ ይላል። ስልክ የሚል የለም። ስልኩን የጨመርነው እኔና ሥራነሽ ነን። ቀኙን ለብቻው መፍታታቸውንም ዛሬ ነው ያስተዋልሁት፤ ያን ቀን ለማርሹ መስሎኝ ስቄ ነበር።

«በግልጽ ቢነግሩኝስ?»

«አንተ ሰው የነገረህን አታምንም፤ ሄደህ ታጣራለህ። እንድታጣራ ብዬ ነው። አጣራህ?»

ቀረጻውን አቁሜ ተነሣሁ። ስለ ዲማ ሳንነጋገር ቀረ። በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቴፑን ዘግቼ ተመለስሁ። መሪው ላይ ያለውን ግራ እጄን ደጋግሜ አየሁት። አንድ ጊዜ ስመለከተው ጭኔ ላይ ነበር። መቼ እንደወረደ አላውቅም።

ዓርብ፣ መጋቢት 2

አጣራሁ። ቦይ የገባሁበትን ሰዓት ያኔውኑ ጽፌዋለሁ፤ 9፡40። ስልኬ ላይ የዚያን ቀን የመጀመሪያው ጥሪ የ10፡05 ነው፤ ሥራነሽ። በ9፡40 የደወለልኝ ሰው የለም። እኔም ለማንም አልደወልሁም።

ስልክ ላነሣ ስል ነው ብዬ ለአራት ሰዎች ነግሬያለሁ። በዚህ ደብተርም ጽፌዋለሁ።

ማረሚያ፦ እጄ መሪውን ለምን እንደለቀቀ አላውቅም።

ሰኞ፣ መጋቢት 5

ለሥራነሽ ነገርኋት። ምስር ትለቅም ነበር፤ መልቀሟን አላቋረጠችም።

«ሰባት ብርጭቆ» አለች።

«ሁለት ነው።»

«ሁለቱን ያየኸው ነው። አምስቱን ሳታይ ጠርጌዋለሁ። ነጠላ ጫማህም ከግራ እግርህ እያመለጠ ደጃፍ ላይ ይቀራል፤ ስንት ጊዜ አንሥቼ አልጋው ሥር እንዳስቀመጥሁልህ ታውቃለህ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ሰውዬ፣ አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ ትውላለህ። ቴፕ በምን እንደሚማር ጠይቀሃል። እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

የመኪናውን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። ትወስደዋለች ብዬ ነበር። አልነካችውም።

«እወስደዋለሁ ያልሁህ በስልክ የምትጫወት መስሎኝ ነው። አሁን አልወስድብህም። በእጅህ ስጠኝ።»

ቁልፉ እዚያው አደረ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8

እስከ ደምበጫ በሚኒባስ፣ ከደምበጫ በፈረስ ጋሪ። የኔታ ገና ሳልገባ፣ «ዛሬ በፈረስ መጣህ» አሉ። «ፈረሱ አራቱም እግሩ ደኅና ነው።» ዲማን ጀመሩ። ሃምሳ ደቂቃ ቀዳሁ። ገና የገቡበትን ክረምት አልጨረሱም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 15

ከጋሪው ስወርድ ግራ እግሬ አልታዘዘኝም። ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ፤ ስልኩ ደኅና ነው። ባለጋሪው ብድግ አድርጎ አቆመኝና፣ «አባቴ፣ ጾሙ ነው?» አለኝ። ጾሙ ነው አልሁት። ዋሸሁት። ለሥራነሽ አልተናገርሁም፤ ሱሪውን ግን እሷ ናት የምታጥበው።

ሰኞ፣ መጋቢት 19

ሐኪም ቤት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «ሁለት እጅዎን ወደፊት ይዘርጉ፤ መዳፍዎን ወደ ላይ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለኝ። ጨፈንሁ። ሁለቱም እኩል እንደተዘረጉ እርግጠኛ ነበርሁ፤ ተጠይቄ ቢሆን እምል ነበር። ግለጥ ሲለኝ ግራው ከቀኙ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነበር። መዳፉም ወደ ውስጥ ዞሯል።

ደግመን እንድንሞክረው ጠየቅሁት። ደገምነው። ያው ነው።

«ይኼ ምን ይለያል?» አልሁት።

«አንጎል ቀኝ በኩል አንድ ነገር እንዳለ ይጠቁማል። ምን እንደሆነ አይናገርም። ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል፤ እጢ ሊሆን ይችላል፤ ሌላም። የአንጎልዎን ምስል ሳላይ አልገምትም።»

አለመገመቱን አከበርሁለት። እስከዚያ አይንዱ አለኝ። ከዚያስ በኋላ ስለው ምስሉ ነው የሚወስነው አለ። ባሕር ዳር ላከኝ፤ ቀጠሮው ሚያዝያ 4 ነው። ለምን እስከ ዛሬ እንደቆየሁ ጠይቆኝ ነበር። ቴፕ ሳስጠግን ነበር አልሁት። የቀለድሁ መሰለው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 21

ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ፣ የቆመው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሞተሩን ሳላስነሣ ድምፅ መጨመሪያውን በግራ አውራ ጣቴ አሥር ጊዜ እጫናለሁ። እሑድ ስድስት። ሰኞ ስድስት። ትናንት አምስት። ዛሬ ስድስት። ሐኪሙ ቢጠይቀኝ ቁጥር ይኖረኛል። ቴፑ አይዋሽልኝም፤ ይኼን እወድለታለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 22

አልሄድሁም። ሥራነሽ ሱሪውን አይታዋለች። የኔታ ደውለው፣ «ዲማ ላይ ትተኸኝ ቀረህ» አሉኝ። ክረምቱ ገና አላለቀላቸውም። በሚመጣው ሐሙስም እንደማልመጣ ነገርኋቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሚያዝያ 6 ነው፤ ቀጥሎ ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ወለተ ኢየሱስ በቅሎ ይዛ ትመጣለች። ሚያዝያ 6ን እንደሚጠብቁኝ ነገሩኝ። ከዚያ ሌላ ቀን የላቸውም።

በስልክ እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። «ፊትህ በሌለበት ለማን እናገራለሁ?» አሉ። ዓይናቸው እንደማያይ ለማስታወስ ድፍረት አጣሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 27

የብርጓል ሳትጠራ መጣች። ቴፑ እንዴት ሆነ ልል ነው አለች። ቴፑን አላየችም። ሥራነሽ ያቀረበችላትን ሻይ እየጠጣች የእኔን እጅ ነበር የምታየው።

«ያን ቀን መናገር ነበረብኝ» አለች። «አባቴ እንዲሁ ነው የጀመረው። መፍቻ ከእጁ ይወድቅ ነበር፤ ዘይት ነው እያልን ስንስቅ ቆየን።»

«አሁን እንዴት ነው?»

«ይራመዳል። መኪና አይነዳም። አጠገቤ ተቀምጦ ይሳደባል።»

ስትነሣ መንጃ ፈቃዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ልክ ለትራፊክ ፖሊስ እንደምታሳይ ዘረጋችልኝ። «ሚያዝያ 6 ሥራ አልይዝም። እርስዎ ቀኝ ወንበር ላይ ሆነው ያዳምጣሉ፤ በተኑን እኔ እጫናለሁ። ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ነው አልኋት። ሥራነሽ ከማጀት ሆና፣ «በእጁ ካልሰጠሽ እንዳትወስጂ!» አለች።

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቁልፉን ግን አልሰጠኋትም። ከሐኪሙ በፊት ለምን እወስናለሁ? ምስሉ ቀላል ነገር ቢያሳይ፣ መንዳት ትችላለህ ቢለኝስ? አንድ ጊዜ ከሰጠሁ መልሼ መጠየቅ የምችል አይመስለኝም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ እዚህ ብቻ ጻፍሁት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 1

ዛሬ አራት።

እንደገና ሞከርሁ። አራት። ቀኝ እጄን አሻግሬ ተጫንሁት፤ አሥር። በተኑ አልጠነከረም። የካቲት 25 የጻፍሁት ስሕተት ነው።

ቁልፉ ከመጋቢት 5 ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ በየጠዋቱ ቴፑን ልሞክር ሳነሣው ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ። ሥራነሽ ስታጸዳ ዙሪያውን ትጠርጋለች። ከሥሩ የጠረጴዛው ቀለም የቁልፉን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል።

ሰኞ ሳይነጋ በሚነሣው አውቶቡስ አብረን ወደ ባሕር ዳር እንሄዳለን። ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 4፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተራዬ ነው። ሐሙስ የኔታ ይጠብቁኛል። የብርጓል መልሴን እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ ትፈልጋለች።

ከሐኪሙ በፊት በተኑን ለመሞከር የቀረኝ የነገ ጠዋት ብቻ ነው።